የመበለቷ አውራ ጣት

ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። አንዱ እዚህ ጫፍ፣ ሌላው እዚያ ጫፍ ይይዝና ወደ ኋላ ሄደው ይወጥሩታል፤ ከዚያ ወደ ፊት መጥተው ጫፉን ከጫፉ ያገናኙታል፤ ከዚያ እንደገና ወደ ኋላ። እንዲህ ፊት ለፊት እየተያየ ስምንት ሰዓት ሙሉ አፉን ዘግቶ የሚውል ሰው ካለ፣ እሱ ገዳም መግባት ነበረበት። መርዕድ ደግሞ ጾሙን ይጹም እንጂ ለገዳም የተፈጠረ ሰው አልነበረም።

በፈረንጅ ሁለት ሺህ ሰባት ነው፤ የካናዳዋ ካልጋሪ በነዳጅ ያበደችበት ዓመት። ቡና ቤቱ ሁሉ ሠራተኛ አጥቶ በጊዜ የሚዘጋበት፣ አከራይ በየሦስት ወሩ የኪራይ ጭማሪ ደብዳቤ በበር ሥር የሚያሾልክበት፣ ሆቴሉ ሁሉ በነዳጅ ሰዎች ጢም ብሎ የሚያድርበት ዘመን። መርዕድ የሚሠራው መሀል ከተማ ካለ አንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ ላውንድሪ ውስጥ ነው። ሰው ሲጠፋ አሠሪዎቹ ከፊሊፒንስ በኮንትራት አስመጡ። ከመጡት አንዷ ሚላግሮስ ነበረች፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ የሸንኮራ አገር ልጅ። የአንሶላውን ሌላ ጫፍ እንድትይዝ ተመደበች። በሁለተኛው ቀን "ኩያ" ብላ ጠራችው። ታላቅ ወንድሜ ማለት ነው፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ፣ በሰው አገር፣ በምድር ቤት፣ ታላቅ ወንድም መባል መርዕድን ደስ አሰኘው።

ሚላግሮስ ከአገሯ ስትመጣ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ልብ ወለድ በሻንጣዋ ይዛ ነበር። በአያቷ ዘመን በአገሯ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ እዚያ አገር ልጅ ሆኖ የማያውቀው የለም። መርዕድ ቋንቋውን አያውቅም፤ ስለዚህ እሷ ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎመች፣ አንሶላ እያጠፈች ትነግረዋለች። ወደ ኋላ ሲሄዱ ጮክ ብላ፣ ወደ ፊት ሲመጡ ዝቅ አድርጋ። አንድ ምዕራፍ አርባ አንሶላ ያህል ይፈጃል።

ታሪኩ የአንዲት መበለት ነው። ባሏ በሸንኮራ እርሻ ሥራ ላይ ሞቶ አንዲት ቁራጭ መሬት ትቶላታል። ባላባቱ መሬቷን ይፈልጋል። ጸሐፊውን ወረቀትና ቀለም አስይዞ ይልካል፤ "አውራ ጣትሽን እዚህ ላይ" ይላታል። አንዴ በልመና፣ አንዴ በዱላ፣ አንዴ ልጇን በማሰር። እምቢ ትላለች። በመጨረሻው ገጽ ወረቀቱን ይዘው ሸንኮራ ወደሚፈላበት ዳስ ይመጡባታል። ሴትዮዋ "እሺ" ትላለች። እጅጌዋን ትሰበስብና አውራ ጣቷን የሚንፈቀፈቀው ስኳር ውስጥ ትነክረዋለች። ከዚያ ታነሣዋለች። የሚያትም ጣት የለም። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

መርዕድ የያዘውን ጫፍ ለቀቀው። አንሶላው ወለሉ ላይ ወደቀ፤ እንደ አዲስ መታጠብ ነበረበት።

"ይህቺን ሴት መድረክ ላይ ማየት አለብኝ" አለ። አዲስ አበባ እያለ ቴአትር ቤት ነበር የሚሠራው፤ ነገር ሲገባው እንዲህ ያደርገዋል።

ሚላግሮስ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መራራ ነበር። "መድረክ ላይማ ወጥታለች። ፊልምም ሆናለች" አለችው። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች መበለቷን አስፈርመው፣ ልጇን ለባላባቱ ልጅ ድረው፣ በሙዚቃና በጭፈራ ጨረሱት። ያኔ የሚላግሮስ እናት ገና ወጣት ነበረች፤ ከሲኒማ ቤቱ እየተሳደበች ወጥታ ሁለተኛ ሲኒማ የሚባል ነገር አልረገጠችም። ቀጥሎ አንድ የመነኮሳት ትምህርት ቤት በቴአትር አሳየው፤ ሕፃናት ይደነግጣሉ ተብሎ ጣቷን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስነከሯት። በቴሌቪዥን ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ሕልም ሆኖ ቀረ፤ መበለቷ ከእንቅልፏ ነቅታ አማተበች።

"እናቴ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ልቧ ደክሟል" አለች ሚላግሮስ። "መጽሐፉን በቃሏ ትወጣዋለች። አንድ ቀን እንኳ እንደተጻፈው ሳላየው ልሞት ነው ትላለች። ኩያ፣ የፈለግከውን ለውጥ። ስሟን ለውጥ፣ አገሯን ለውጥ፣ ልብሷን ለውጥ። መጨረሻውን ግን አትንካ።"

"ሚካኤልን!" አለ መርዕድ፣ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ። "በእኔ እጅ ትቃጠላለች!"

ማሽኑ ጋ ያሉት ሴቶች ዞር ብለው አዩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ መሐላው ግን ከልቡ ነበር የወጣው።

ዶቨር ሰፈር ባለችው የምድር ቤት ክፍሉ ውስጥ አምስት ወር ጻፈ። በደብተር፣ በእርሳስ፣ በእጁ ጽሕፈት። መበለቷን የዓለምወርቅ አላት። አገሯንም ወደ ቆላ አወረደው፤ ጭሰኛውንና ባላባቱን የአገሩ ሰው መቼም አያጣቸውም። የመጨረሻዋን ገጽ ግን ሚላግሮስ እንደነገረችው፣ አንድ ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ጻፋት።

ጽፎ ሲጨርስ የሚሄድበት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አሞጽ። ሁለቱ ካናዳ በገቡበት ክረምት አንድ ፍራሽ ተጋርተዋል። አሞጽ ጴንጤ ነው፣ መርዕድ ደግሞ ሚካኤልና ማርያምን ሳይጠራ ውሎ የማያድር ኦርቶዶክስ፤ ሲቀላለዱ ለሰማ ሰው የሚደባደቡ ይመስለዋል። ነገር ግን የመርዕድ እናት አዲስ አበባ ላይ ስታርፍ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሥራውን ጥሎ ለቅሶ የተቀመጠው አሞጽ ነው። በጾም ቤቱ ሲጠራውም ሽሮውን ቅቤ ሳያስነካ ይጠብቀዋል። አሞጽ ቴምፕል ሰፈር ባለው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን የድራማ ክፍሉን ይመራል፤ አዳራሽ አለው፣ ድምፅ ማጉያ አለው፣ ሃያ ወጣት አለው። በዚያ ላይ የእኛው ሁለት ሺህ ዓመት ሊገባ ነው፤ ሁሉም ዝግጅት ፍለጋ ላይ ነው።

አሞጽ ደብተሩን በአንድ ቁጭታ አነበበው። ሲጨርስ ዓይኑ ቀልቷል።

"መርዕድ፣ ይሄ ነገር ሲሪየስ ነው" አለ። "ከእንቁጣጣሽ ቀጥሎ ያለው ሰንዴይ የእኛ ነው። ፕሮግራሙን ለእኔ ተወው።"

ተወለት። ስለ ሚላግሮስ ነገረው፤ ስለ መሐላው ግን ሳይነግረው ቀረ። ጴንጤ በመላእክት ሲማል ከሰማ ስብከት ይጀምራል፤ መርዕድ ያን ቀን ስብከት አላማረውም።

አሁን የመርዕድን ጥፋት ማውራት አለብን፤ ጥፋቱ ኩራት ነበር። የአሞጽ ልጆች እዚሁ ካልጋሪ ያደጉ ናቸው፤ አማርኛ ይሰማሉ፣ እንደነገሩም ይናገራሉ፣ ፊደል ግን አይለዩም። ስለዚህ አሞጽ የመርዕድን ጽሑፍ በሙሉ በእንግሊዝኛ ፊደል አስገልብጦ አባዝቶ አደላቸው። የቤተ ክርስቲያን ድራማ ሁሌም የሚሠራው እንዲህ ነው። ለመርዕድም አንድ ቅጂ ሰጡት። አንድ መስመር ሞከረና ወረቀቱን እንደ ቆሻሻ ነገር በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰው። "አማርኛን በፈረንጅ ፊደል ከማነብ ዓይኔ ይፍሰስ" አለ። ልጆቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ወረቀት እጁ አልገባም።

ልምምዱ ረቡዕና ቅዳሜ ነበር። ረቡዕ ረቡዕ መርዕድ ከሥራ በቀጥታ ይሄድና የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ያያል፤ "ባላባት እንደዚህ አይራመድም! ጌታ ሰው ሲራመድ አይቸኩልም!" እያለ ይጮኻል። ቅዳሜ ግን ሆቴሉ አይለቀውም።

"ዶንት ወሪ" አለው አሞጽ። "የመጨረሻውን ሲን ሳተርዴይ ሳተርዴይ እኔ እይዘዋለሁ። አንተ ኦቨርታይምህን ሥራ።"

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እንዲያውም ሊነቃ የሚችልበት አንድ ዕድል ነበረው። ትዕይንቱ ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው፣ የዓለምወርቅን ሆና የምትሠራው ደቦራ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ቀረብ ብላ፣ "ጋሼ መርዕድ፣ እርስዎ የጻፉት መጨረሻው፣ ላይክ፣ በጣም ደስ ይላል። ሰላም አለው" አለችው።

ጣቷን የምታቃጥል ሴት ሰላም አላት? መርዕድ ፈገግ አለ። የካናዳ ልጅ አማርኛ፣ አለ በልቡ፤ ቃል ሲጠፋት ያገኘችውን ታነሣለች። "ጎበዝ ልጄ" ብሏት አለፈ።

የዝግጅቱ ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ነጠላ የለበሰ፣ ከሥራ በቀጥታ በቦት የመጣ፣ ሕፃን የታቀፈ። ሚላግሮስ ከሁለት የቤት ተጋሪዎቿ ጋር መጣች። ለተዋናዮቹ አንድ ትሪ ሙሉ የአገሯን ኑድል ሠርታ አምጥታለች፤ ከአሠሪዋ የተዋሰቻትን ትንሽ የቪዲዮ ካሜራም ይዛለች። በዚያው ሳምንት ለእናቷ ልትልከው ነው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ካሜራውን ከፈተች። መርዕድ በስተግራ ግድግዳው ጋ ቆመ።

መጀመሪያው አማረ። ከማማር አልፎ ሰው እንባውን ይጠርግ ጀመር። ሚላግሮስ የሚባለውን አንዱንም አትሰማም፣ ግን እያንዳንዱን ነገር ታውቀዋለች። ጸሐፊው ቀለሙን ይዞ ሲገባ ጓደኞቿን በክርኗ ነካች፤ ልጁ ሲታሰር ከንፈሯን ነከሰች። አንዴ ወደ መርዕድ ዞራ አውራ ጣቷን አሳየችው። መርዕድ ደረቱ ሊፈነዳ ደረሰ።

የመጨረሻው ክፍል መጣ። ዳስ፣ ትልቅ ብረት ድስት፣ ውስጡ በተደበቀ ማፍያ የሚወጣ እንፋሎት። ባላባቱ ገባ፣ ጸሐፊው ገባ፣ ወረቀቱ ተዘረጋ። ደቦራ እጅጌዋን ሰበሰበች። አውራ ጣቷን ከድስቱ በላይ አደረገች። ሚላግሮስ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ ካሜራው ግን አልተነቃነቀም።

ደቦራ ቆመች። ከላይ ነጭ መብራት ወረደባት። ከድምፅ ማጉያው የአሞጽ ድምፅ መጣ፤ "የዓለምወርቅ፣ ይቅር በይ።" ልጅቷ ተንበረከከች። አለቀሰች። አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረችና ወረቀቱ ላይ አተመች። ባላባቱም ተንበረከከ፤ ተቃቀፉ። መዘምራኑ ከሁለት ወገን ገቡ። ፓስተሩ ማይክራፎኑን ተቀብለው፣ "ከእናንተ መካከል ዛሬ ይቅር ማለት የሚፈልግ፣ ሸክሙን ማውረድ የሚፈልግ ካለ ወደ ፊት ይምጣ" አሉ። ሰው እያለቀሰ ወደ ፊት መውጣት ጀመረ። እልልታ ሆነ።

መርዕድ በሁለት እጁ ግድግዳውን ያዘ። አሞጽ ከድቶታል። ፍራሽ የተካፈለው፣ እናቱን አብሮት ያለቀሰው ሰው፣ ያቺን አንዲት ገጽ ሰርቆ በሌላ ተክቶ፣ በየሳምንቱ ረቡዕ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ ሸኝቶታል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር፤ ወደዚያ ማየት አልቻለም።

ጸሎቱ ሲያበቃ አሞጽ መድረኩ ላይ ወጣ። ፊቱ በላብ ያበራል። "ይህንን የመሰለ ጽሑፍ የጻፈልን ወንድማችን እዚህ አለ" አለ። "መርዕድ! ወደዚህ ና! ጌታ ይባርክህ!"

ሰው ሁሉ ዞረ። አጠገቡ ያሉት ትከሻውን ይዘው ገፋ ገፋ አደረጉት። መርዕድ በአዲስ አበባው ቴአትር ቤት አሥራ አራት ዓመት የሠራው ከመጋረጃ ጀርባ ነበር፤ ቃል ለጠፋው ተዋናይ ቃሉን በሹክሹክታ ማቀበል ነበር ሥራው። በእነዚያ ዓመታት አንድም ቀን ስሙን የጠራ አልነበረም። አሁን አራት መቶ ሰው ስሙን እየጠራ ነው። መድረኩ ላይ ወጣ፣ እጅ ነሣ፣ ወረደ።

ከመድረኩ ጀርባ፣ የልጆች ሰንበት ትምህርት በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ አሞጽን አንገቱን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው።

"ምን አደረግከኝ?"

"ረጋ በል" አለ አሞጽ። "ሽማግሌዎቹ ስክሪፕቱን ያዩት ከወር በፊት ነው። ሰው ራሱን ሲያቃጥል ቸርች መድረክ ላይ አናሳይም አሉ። ወይ ይለወጣል ወይ ካንስል ይሆናል። የመጨረሻውን ገጽ ቀይሬ በአንተ ስም ለልጆቹ አደልኳቸው። ልጆቹ ስንት ጊዜ ነው ፕራክቲስ ያደረጉት?"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ ደብተርህን ይዘህ ትሄድ ነበራ!"

እውነቱን ነው፤ ይሄድ ነበር። ለዚያ ነው የበለጠ የተናደደው።

"በሚካኤል ምዬላት ነበር፣ አሞጽ። አንተ ስለማትምል የመሐላ ነገር አይገባህም።"

"መማልህን መቼ ነገርከኝ?" አለ አሞጽ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አሥራ አንድ ሰው ወደ ፊት ወጣ፣ መርዕድ። ሁለቱ አራት ዓመት የተኳረፉ ወንድማማቾች ናቸው፤ በዓይኔ ሲተቃቀፉ አይቻለሁ። ይሄንን ጥፋት ነው የምትለኝ? የኤድመንተን ቸርችም ጠርቶናል። ስምህ በትልቁ ነው የሚጻፈው።"

"ስሜን አንሣው" አለ መርዕድ። "ስሜንም አንሣ፣ እኔንም አትጥራኝ። ከዛሬ ጀምሮ አላውቅህም።"

አሞጽ እጁን ዘረጋ። መርዕድ ጥሎት ወጣ። እያለቀሰ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ለቅሶ ትንሽ ያሞቃል። የተበደለ ሰው ነውና በደሉን ይዞ ወደሚረዳው ሰው ነበር የሚሮጠው።

ሚላግሮስ መኪና ማቆሚያው ዳር፣ አጭሩ የሲሚንቶ አጥር ላይ ተቀምጣ ነበር። ጓደኞቿ መኪናው ውስጥ ገብተው ይጠብቋታል። የካናዳ መስከረም ቢሆንም ፀሐዩ ጥሩ ነበር። ካሜራው ጭኗ ላይ ነው።

"ሚላ፣ ከዱኝ!" አለ ገና ሳይደርስ። "ማርያምን፣ አላውቅም ነበር! እኔ የጻፍኩት እንደነገርሽኝ ነው፣ ደብተሩን ላሳይሽ እችላለሁ። ጓደኛዬ ነው የለወጠው። ከእኔ ደብቆ ነው!"

"አምንሃለሁ" አለችው።

መርዕድ ቆመ። ይህን ያህል ቶሎ አልጠበቀም። ትንፋሹ መለስ አለለት።

"እውነቴን ነው፣ አምንሃለሁ" አለች። "ልጅቷ ስትንበረከክ ካሜራውን ወደ አንተ አዞርኩት። ግድግዳውን ይዘህ ነበር። የምትወድቅ መሰለኝ። ለእናቴ ይህን እልክላታለሁ አልኩ በልቤ። ሴትዮዋን አሁንም አስታረቋት፣ ግን ይኸው እማዬ፣ በሰው አገር አንድ ሰው አንቺ ያኔ የተናደድሽውን ያህል ተናደደ እላታለሁ አልኩ። ለእሷ ይህ ብዙ ነበር።"

"ላኪላት" አለ መርዕድ፣ እንባውን በእጁ ጀርባ እየጠረገ። "በእግዜር፣ ላኪላት።"

"ከዚያ ግን ጠሩህ" አለች።

ካሜራውን ወደ ኋላ አጠንጥና ትንሿን መስታወት ወደ እሱ አዞረችለት። አልጮኸችም፤ ፊቷም አልተቆጣም፤ ደክሟት ነበር። "ማጥፋት አልቻልኩም፤ እጄ እንደያዘው ቀረ" አለች። "እናቴ ይህ ሰውዬ ማነው ብትለኝ ምን ልበላት?"

መርዕድ ጎንበስ ብሎ አየ። ቁራጭ ወረቀት በምታክለው መስታወት ውስጥ አንድ ሸበቶ ሰው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ መድረክ ላይ ወጣ። ከአሞጽ ጋር ተቃቀፈ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣ። ጭብጨባው ሲበረታ ወደ ግራ ዞሮ እዚያ ላሉትም እጅ ነሣ። ከዚያም ያቺን ቀለም የነካት ልጅ እጇን ይዞ ወደ ላይ አነሣላት፤ ይህን ማድረጉን መርዕድ ጭራሽ አያስታውሰውም። በሰውየው ፊት ላይ ቁጣ ፈለገ። ኀፍረት ፈለገ። ተገፍቶ የወጣ፣ የቸገረው ሰው የሚያሳየውን አንዳች ነገር ፈለገ። ሚላግሮስ እንደገና አጠንጥና አሳየችው፤ እንደገና ፈለገ። ሰውየው ደስ ብሎት ነበር።